አባት ሲናዘዝ ልጅ አያስተርጉም

በዚህ ገጽ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ፖሊስ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን በቡና ላይ ሲጀመር ሁሉም «ኧረ ተዉ፣ ክፉ አታውሩ!» የሚልበት ነው። ይኸውም አባትና እናቶቻችን ሲያረጁ፣ ማሰብና መናገር ሲያቅታቸው፣ በመጨረሻም ከዚህ ዓለም ሲለዩ ቤታቸውና ገንዘባቸው እንዴት እንደሚሆን ነው። ይህ የሀብታሞች ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም ቀደም ሲል እንደዚያው ይመስለን ነበር።

ሐሳባችንን የለወጠው እዚሁ ሐይፋ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጠን እንነግራችኋለን። አባትየው በ1984 በሱዳን በኩል መጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1990ዎቹ ለኢትዮጵያ ዖሊም በተሰጠው ልዩ ማሽካንታ ሦስት ክፍል ያለው ቤት ገዙ። ሚስታቸው ሲያርፉ ሁለቱ ወንዶች ልጆች አግብተው ወጥተው ነበር። ሴቷ ልጅ ግን ሥራዋን ቀንሳ ከአባቷ ጋር ቀረች። አሥራ አንድ ዓመት አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው፣ ወደ ኩፓት ሖሊም አመላለሰቻቸው። አባት ይህን አልረሱም። «ይህ ቤት የእሷ ነው» ብለው በሽማግሌ ፊት አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው ተናግረዋል። ወንድሞቿም በጆሯቸው ሰምተዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን አባት «እንግዲህ በወረቀት ይሁን» አሏት። እሷም ጠበቃ ፈልጋ ደወለች፣ ቀጠሮ ያዘች፣ ታክሲ ጠርታ ወሰደቻቸው። ጠበቃው አማርኛ አይሰማም፤ አስተርጓሚም አላስመጣም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየቢሮው እንዳደረገችው ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጣ አስተረጎመች። አባት የሚሉትን በዕብራይስጥ ተናገረች፤ ጠበቃው ያነበበውን በአማርኛ መልሳ ነገረቻቸው። አባት ፈረሙ። ገንዘቡንም ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈለች።

አባት ካረፉና የለቅሶው ቀን ካለፈ በኋላ ከወንድሞቿ አንዱ ተቃውሞ አስገባ። ወረቀቱ ላይ ያለው አባቱ የተናገሩት እንደሆነ ልቡ ያውቀዋል። ነገር ግን ጠበቃው አንድ የሕግ አንቀጽ አሳየው። በ1965 የወጣው የእስራኤል የውርስ ሕግ አንቀጽ 35 እንዲህ ይላል ተብሎ በቀላሉ ሊነገር ይችላል፦ ኑዛዜውን ያዘጋጀ፣ ምስክር ሆኖ የቆመ ወይም በሌላ መንገድ በማዘጋጀቱ ሥራ የተካፈለ ሰው በዚያ ኑዛዜ ቢወርስ፣ ለእርሱ የተሰጠው ክፍል ፈራሽ ነው። የዚህ ሰው ባል ወይም ሚስት ብትወርስም እንደዚሁ ፈራሽ ነው። በቃል ከሚደረግ ኑዛዜ በቀር በሁሉም ላይ ይሠራል።

እንግዲህ ጠበቃውን የጠራችው ማን ናት? ያመጣቻቸው ማን ናት? ቃላቸውን ከአፋቸው ተቀብላ ለጠበቃው የነገረችው ማን ናት? ነገሩ በክርክር ሳይጠናቀቅ በድካምና በወጪ ብዛት በስምምነት አለቀ። ቤቱ ተሸጠ፣ ገንዘቡ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ልጅቱ ዛሬ በክራዮት በኩል ተከራይታ ትኖራለች። በፋሲካ አንድ ማዕድ የሚቀርቡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አሁን አይቀርቡም።

ይህን ታሪክ ለዳኞች ክፉ ስም ለመስጠት አላመጣነውም። እውነቱን ለመናገር ዳኞች እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው ይመዝናሉ፤ ልጅ ለጠበቃ ስልክ ስለደወለ ብቻ ኑዛዜ ሁልጊዜ አይፈርስም። ሕጉም የወጣው በእኛ ላይ አይደለም። አንድ ሽማግሌ በሰው እጅ ሲወድቅ፣ እጁን የያዘው ሰው ልቡንም እንዳይዘው የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ጥበቃ ሊኖር ይገባል ብለን እናምናለን። ጎጂ የሆነው ሕጉና የእኛ ኑሮ የተገናኙበት ቦታ ነው።

ምክንያቱም የእኛ ቤት ልጅ አስተርጓሚ ነው። ከሜርካዝ ክሊታ ጀምሮ እንዲህ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ማኅፀን ሐኪም የተናገረውን ለእናቱ አስተርጉሟል። የአሥር ዓመት ልጅ ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ አንብቦ ለአባቱ «ዕዳ አለብን» ብሎ ነግሯል። በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሩ ስለ እርሱ የሚናገረውን ክስ ራሱ ተከሳሹ ያስተረጉማል። (ስንቶቻችን «አባ፣ ጎበዝ ነው ይላሉ» ብለን እንዳለፍን እኛው እናውቃለን።) ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ሚስራድ ሃፕኒም፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የመብራት ኃይል፣ ሁሉም በልጅ አፍ አለፈ። ያ ልጅ አሁን አርባና ሃምሳ ዓመት ሆኖት ራሱ አባት ነው፤ የአባቱ ምላስ መሆኑ ግን አልቀረለትም። ስለዚህ ኑዛዜ ሲመጣም ማንም ሳያስበው እርሱው ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። በሌላው ቢሮ ሁሉ ወላጆቹን የረዳበት ይህ ደግነት፣ በዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ራሱን ይጎዳዋል፤ የአባቱንም ቃል ያፈርሰዋል።

የምንለው እንግዲህ አጭር ነው። ወላጅ ሲናዘዝ ልጅ አያስተርጉም። ምራትም አታስተርጉም፣ አማችም አያስተርጉም። ምስክርም አይሁኑ። ከዚያ ክፍል ይውጡ፤ ከተቻለም ከዚያ ሕንፃ ይውጡ። አስተርጓሚው ባዕድ ይሁን፤ ወይም ከውርሱ ምንም የማይደርሰው፣ ባሉ ወይም ሚስቱም የማይደርሳት የጎረቤት ሰው ይሁን። ጠበቃውን ወላጅ ራሳቸው ይምረጡት፤ መደወል ካልቻሉ ሽማግሌ ይደውልላቸው። ገንዘቡ ከራሳቸው ሒሳብ ይከፈል። ጠበቃው «ልጅዎ አለ አይደለም? እርሱ ይንገረን» ቢል፣ አይሆንም ብላችሁ ተነሡ። እንዲህ ያለ ጠበቃ ሥራውን አያውቅም ወይም ቸኩሏል፤ ሁለቱም ለእናንተ አይበጁም።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅ ለወጣቶቹ ማስረዳት አለብን። እኛ ርስት የሌለን ሕዝብ ነበርን። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን አባቶቻችን በጦርነት ከተሸነፉ በኋላ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መደረጉ በታሪክ ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ብዙዎች የሚያያይዙት ከዚሁ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ በጎንደርና በአካባቢው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነን አረስን። ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፈው መዶሻና ወናፍ፣ የሸማ መሥሪያው ዕቃና የእናቶቻችን የሸክላ ጥበብ ነበር። በ1975 ደርግ መሬትን ሲያውጅ ለእኛም ደረሰን፤ ነገር ግን መሬቱ የመንግሥት ነበርና ይህ የእኔ ነው ብሎ መሸጥ አልነበረም።

እንግዲህ ያ በሃዳር ወይም በኔቬ ዮሴፍ፣ በአራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ ላይ ያለው፣ ግድግዳው ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሻግተው ቤት ለብዙ ቤተሰብ ከስንት ትውልድ በኋላ በስማችን ታቡ ላይ የተጻፈ የመጀመሪያው ርስት ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ሃምሳ ዓመት ሆኖት የመጣ ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ይህ ርስት ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ዘመን አሁን ነው። በክርክርና በጠበቃ ገንዘብ እንዲያልቅ ማየት ያንገበግባል።

ሽማግሌዎቻችን «እኔ ተናዝዣለሁ፣ ቄሱም ሽማግሌውም ሰምተዋል» ይላሉ። በአገራችን ኑዛዜ የአፍ ነገር ነበር። ሰው ሊሞት ሲል ያለበትን ዕዳ፣ ያለውን ከብት፣ የበደለውን ሰው ይናገራል፤ የሰማው ሽማግሌ ቃሉን ይጠብቃል። ማንም አይክድም፤ ቢክድ መንደሩ ይፈርድበታል። እዚህ ግን መንደሩ የለም። ምስክሩ ሽማግሌ አንዱ ነታንያ አንዱ አሽዶድ ነው፣ ልጆቹም በሚስትና በባል በኩል ሌላ መካሪ አላቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን ራሳቸው ናቸው።

የእስራኤል ሕግ የቃል ኑዛዜን ጨርሶ አይጥልም፤ ነገር ግን በጠባብ በር ነው የሚያስገባው። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ወይም ሞትን በእርግጥ ፊት ለፊት ያየ ሰው ቋንቋውን በሚሰሙ ሁለት ምስክሮች ፊት መናዘዝ ይችላል። ምስክሮቹ ያለውን ቃል፣ ቀኑንና ሁኔታውን ጽፈው፣ ፈርመው፣ በተቻለ ፍጥነት ለውርስ ጉዳዮች መዝጋቢ ማስረከብ አለባቸው። ሰውየው ድኖ አደጋው ካለፈ አንድ ወር ሲሞላ ያ ኑዛዜ ዋጋ የለውም። በበዓል ቀን ቡና ላይ የተነገረው እንግዲህ እዚህ ውስጥ አይገባም። ይህ የእስራኤል ብቻ ጥብቅነት እንዳይመስላችሁ፦ በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም የቃል ኑዛዜን በሁለት ምስክር ቢቀበልም ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። የገጠር ሰው ሆነን ሕጉ ሳይደርሰን ቀረ እንጂ እዚያም ቤት በአፍ አይወረስም ነበር።

የጽሑፍ ኑዛዜ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ የሚፈርመው ነው። ሕጉ በዕብራይስጥ ይጻፍ አይልም፤ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የተጻፈም ኑዛዜ ነው። መጻፍ የሚችሉ ቄሶቻችንና አባቶቻችን ይህን ቢያውቁ ብዙ ነገር ይቀል ነበር። ሌላ ሰው ጽፎት እርሳቸው ቢፈርሙበት ግን በእጅ የተጻፈ አይባልም። ሁለተኛው በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ተናዛዡ በሁለት ምስክሮች ፊት «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ብሎ የሚፈርመው፣ ምስክሮቹም እዚያው የሚፈርሙበት ነው። ሦስተኛው በባለሥልጣን ፊት የሚደረገው ነው፤ በዳኛ፣ በውርስ ጉዳዮች መዝጋቢ ወይም በኖታርዮን ፊት ማለት ነው። ሰውየው የሚፈልገውን ይናገራል፣ ይጻፍለታል፣ ይነበብለታል። የተጻፈበትን ቋንቋ የማይሰማ ከሆነ በሚሰማው ቋንቋ ተተርጉሞ ይነበብለታል፤ አስተርጓሚውም በወረቀቱ ላይ ያረጋግጣል። ማንበብና መጻፍ ላልተማሩ እናቶቻችን ይህ ሦስተኛው መንገድ የተሻለ ነው እንላለን፤ በኋላ «አልገባቸውም ነበር» የሚል ሰው የሚያነሣው ነገር ያጣልና።

አሁን ደግሞ ጠበቆች የማይወዱትን አንድ ነገር እንናገር። ሁሉም ሰው ኑዛዜ አያስፈልገውም። ኑዛዜ ባይኖር ሕጉ ራሱ ያከፋፍላል፤ ክፍፍሉም ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። አባት ሚስትና ልጆች ትቶ ቢያርፍ ሚስት የቤቱን ዕቃና መኪናውን ትወስዳለች፣ ከቀረውም ግማሹን ትወርሳለች። ሌላው ግማሽ ለልጆች እኩል ይከፈላል። ወንድና ሴት፣ በኩርና የመጨረሻ ልጅ፣ ከጋብቻ የተወለደና ያልተወለደ ብሎ ሕጉ አይለይም። ባልና ሚስት ቤቱን በሁለታቸው ስም ካስመዘገቡት የሚከፋፈለው የሟቹ ድርሻ ብቻ ነው። ልጆች ከፈለጉ ውርሱ ሳይከፋፈል ድርሻቸውን ለእናታቸው መልቀቅ ይችላሉ፤ ሕጉ ለሟች ሚስት፣ ልጅ ወይም ወንድምና እህት ለይቶ መልቀቅን ይፈቅዳል። እናት በቤቱ ከአባት ጋር ስትኖር ከነበረ ወራሾቹ ነገ ውጪ ሊሏት አይችሉም፤ እንደ ተከራይ ሆና የመቀመጥ መብት አላት። የውርስ ግብር የሚባለውም በእስራኤል በ1981 ቀርቷል። «ሳልሞት ካላስተላለፍኩት መንግሥት ይወስደዋል» የሚለው ወሬ ስለዚህ ከንቱ ፍርሃት ነው።

ኑዛዜ የሚያስፈልገው ሕጉ የማያውቀው እውነት በቤት ውስጥ ሲኖር ነው። ሕጉ ማን አሥራ አንድ ዓመት እንዳስታመመ አያውቅም። የታመመ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጅ ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚያስፈልገው አያውቅም። ሁለተኛ ሚስትና የመጀመሪያዪቱ ልጆች በአንድ ቤት ላይ እንደሚገናኙ አስቀድሞ አያስታርቅም።

ስለ ጎንደርም እንናገር፤ ብዙ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚነገር ነውና። አባት በፊት ያገባቸው ሴት ነበሩ፣ ልጅ አለ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ይጠብቃል። እዚህ ያሉት ልጆች «እርሱ አልመጣም፣ አይቆጠርም» ይላሉ። ይቆጠራል። ርቀት ልጅነትን አይፍቅም። ጻቭ ዬሩሻ፣ ማለትም የወራሽነት ትእዛዝ ሲጠየቅ ወራሾች ሁሉ በመሐላ ቃል ይዘረዘራሉ፤ ወንድምን ደብቆ መማል ደግሞ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ወንጀልም ነው። እዚህ ለመምጣቱ ስንታገልለት የነበረውን ወንድም በወረቀት ላይ የሌለ አድርገን ብናጠፋው ምን እንባላለን?

ሌላው የእኛ ጣጣ ስማችን ነው። ሲያስገቡን ጸሐፊው ለአንዱ የአባቱን፣ ለሌላው የአያቱን ስም ሚሽፓሓ አድርጎ ጻፈ። ለልጆች የዕብራይስጥ ስም ሰጡ። የልደት ዓመት በግምት ተመዘገበ። የአንድ እናት ልጆች ሦስት ዓይነት የቤተሰብ ስም ይዘው በቴኡዳት ዜሁት ይዞራሉ። ወላጅ በሕይወት እያሉ ይህን ማስረዳትና ማስተካከል ይቻላል፤ ካረፉ በኋላ ግን «እህቴ ናት» ለማለት ምስክር ፍለጋ ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹን አሁኑኑ አንድ ቦታ ሰብስቡ።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ለማምለጥ ቤቱን በሕይወት እያሉ በልጅ ስም ያዞሩታል። እኛ አንመክርም። ኑዛዜ ሰው እስኪሞት ድረስ ሊለወጥ ይችላል፤ በታቡ የተላለፈ ስጦታ ግን በቀላሉ አይመለስም። ልጁ መልካም ልጅ ነው እንበል። ነገር ግን ዕዳ ውስጥ ቢገባ ሆጻአ ላፖዓል የሚመጣው በእርሱ ስም ባለው ቤት ላይ ነው፤ ልጁ ከወላጆቹ በፊት ቢሞት ደግሞ ቤቱ ለእርሱ ወራሾች ያልፋል። እናት በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች።

ከሞት የሚብሰው መርሳት ነው። አባት ስማችሁን ሲረሱ፣ ጋዙን ከፍተው ሲወጡ፣ ባንክ ሄደው ለምን እንደመጡ ሲጠፋቸው ማለታችን ነው። ልጅ ባንክ ሄዶ «አባቴ ነው፣ እኔ ልፈርም» ቢል አይሰሙትም፤ ልጅ በመሆኑ ብቻ ሥልጣን የለውም። ቀደም ሲል ዋናው መንገድ በ1962 በወጣው ሕግ መሠረት ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ሄዶ አፖትሮፖስ፣ ማለትም ሞግዚት መሾም ነበር። ሞግዚት የንብረት ዝርዝር ያቀርባል፣ ለአፖትሮፖስ ክላሊ ሒሳብ ያወራርዳል፣ ቤት ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ማን እንደሚሾም የሚወስነው ዳኛው ነው፤ አባት በዚያን ጊዜ አይናገሩም።

ይህ ሕግ በ2016 ተሻሻለ፤ ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ይፑይ ኮኣኽ ሚትማሼኽ የሚባል ቀጣይ ውክልና አለ። ሰው አእምሮው ጤነኛ ሳለ «ነገ መወሰን ቢያቅተኝ በገንዘቤ እገሌ፣ በሕክምናዬ እገሊት ትወስን» ብሎ ይመርጣል። ይህን ለመቀበል ልዩ ሥልጠና በወሰደ ጠበቃ ፊት ይፈረማል፣ አፖትሮፖስ ክላሊ ዘንድ ይቀመጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ሥራ ላይ ይውላል። በውስጡ መመሪያም መጻፍ ይቻላል፦ «ሆስቴል አታስገቡኝ»፣ «ምግቤ እንጀራ ይሁን»፣ «አማርኛ የምትሰማ አስታማሚ ፈልጉልኝ»። እኛ ከኑዛዜም በፊት ይህን አድርጉ እንላለን፤ ምክንያቱም ኑዛዜ ለሚቀሩት ነው፣ ይህ ግን ለራሳቸው ለሽማግሌዎቹ ክብር ነው። እዚህም ቢሆን የሚሾመው ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ አይቀመጥ። የጊዜው ነገር ግን አይታለፍም። መርሳቱ ከበረታ በኋላ ጠበቃው አይቀበልም፤ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ቶሎ እንጥቀስ። የአሚዳርና የመሳሰሉት ኪራይ ቤቶች አይወረሱም፤ አብሮ የኖረ ልጅ መቀጠል መቻል አለመቻሉ በ1998 በወጣው የተከራዮች መብት ሕግና በኋላ በተደረጉት ማሻሻያዎች ይወሰናል፤ ወላጅ በሕይወት እያሉ ጠይቁ። የጡረታ ፈንድና የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውርሱ ውጭ ሆኖ፣ በወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ተጠቃሚ ይከፈላል። ይህ ወጣቶቻችሁንም ይመለከታል። ሥራ በገባችሁበት ቀን የማንን ስም እንደጻፋችሁ ታስታውሳላችሁ? ከፈታችሁ በኋላ ለውጣችሁታል?

ምክር የሚገኝበት ቦታ አለ። የፍትሕ ሚኒስቴር ሲዩዓ ሚሽፓቲ በሐይፋ ቢሮ አለው፤ አቅም ለሌለው ጠበቃ ይመድባል። የጠበቆች ማኅበር «ስኻር ሚጽቫ» የሚለው የነፃ አገልግሎት፣ የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ክሊኒኮች፣ እንዲሁም በ2000 የተመሠረተው የእኛው ተበቃ አሉ። ተራ ለማስያዝና ወረቀት ለመሙላት ልጅ ይርዳ፤ ይህ ችግር የለውም። ኑዛዜው ሲነገር ነው የሚወጣው።

ከመንግሥትም የምንጠይቀው አለ። ልጅ አያስተርጉም ካልን ማን ያስተርጉም? የአስተርጓሚውን ዋጋ በቢቱዋህ ሌኡሚ ጡረታ የምትኖር እናት ልትከፍል አትችልም። ኑዛዜና ቀጣይ ውክልና በሚፈረምበት ቦታ ሁሉ ለአማርኛና ለትግርኛ ተናጋሪ ሽማግሌዎች የሠለጠነ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይቅረብ። በዚህ ከተማ ለሩሲያኛ ተናጋሪዎች በየመስኮቱ ሰው ይገኛል፤ መልካም ነው፣ አንቀናም፤ ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ ግን ቃላችን ትንሽ አይደለም። ሕጉ የልጅን ማስተርጎም እንደ ጥፋት የሚቆጥር ከሆነ፣ ሌላ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታውንም ይቀበል።

ጉዳዩን እንዴት እንደሚጀምሩት የሚጠይቁን ልጆች አሉ። «አባ፣ ቤቱን ለማን ይሰጡታል ብዬ እንዴት እጠይቃለሁ? ሞታቸውን የምመኝ ይመስላቸዋል» ይላሉ። እውነት ነው፣ አትጠይቁ። ወላጅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከእኩያቸው ሲሰሙት ነው የማይከፋቸው። ሽማግሌ ወይም ቄስ ለምኑና እርሱ ያንሣው፤ ራሱ አስቀድሞ ያደረገ ሰው ቢሆን ደግሞ ይበልጣል። «እኔ ባለፈው ወር ጨረስኩ፣ አንቱስ?» ቢላቸው ነገሩ እንደ ማንኛውም የሽማግሌ ጨዋታ ይሆናል። ከእኛ ጋር ከሚሠሩት አንዷ እናቷ ዘንድ የላከቻቸው ሽማግሌ ይህንኑ አድርገው ነበር። እናትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ስለ ቤቱ ምንም ሳይናገሩ ከጎንደር ይዘውት የመጡት ጀበና ለማን እንደሚሆን ግማሽ ሰዓት አወሩ። ቤቱ የተነሣው በሁለተኛው ቀን ነው።

በዕብራይስጡ ገጽ ያለው ጽሑፍ ለልጆች ነው፣ አንቀጾቹም እዚያ አሉ። ይህኛው የወላጆች ነው። ማንበብ ለማይችሉት ጎረቤት ያንብብላቸው።